አባባና ቦዲ የሌለው ጂፕ

ለታላቅ እህቴ ለኢልማ፣

እንደምን ሰነበትሽ እህት ዓለም? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? የአሪዞና ፀሐይ ተስማማሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያምሻል? ባለቤትሽን ኬኒንስ ሳሉ ለቀቀው? ልጅሽ ጁንስ አዲሱን ሥራ ለመደችው? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ማለቴ እንበላለን፣ እንተኛለን። ባለፈው በስልክ ምን ሆነሃል፣ ድምፅህ ጠፋ ብለሽኝ ነበር። ምንም አልሆንኩም፤ ደንዝዣለሁ እንጂ። ሐኪሙ የአባባ ልብ በረዶው እስኪቀልጥ እንደማያቆያቸው ሲነግረኝ አመስግኜው ወጣሁ፤ ከዚያ ሄጄ የመኪና ባትሪ ገዛሁ።

ባትሪው ለጂፓቸው ነበር። አባባ የለመኑኝ አንድ ነገር ነው፤ የአጋዘን አደን በሚከፈትበት ቀን በገዛ ጂፓቸው ወደ አደን ጎጆው እንድወስዳቸው። በኔ መኪና እንሂድ ብላቸው፣ በሰው መኪና እንግዳ ሆኜ አልሄድም አሉ። መቼም ታውቂያቸዋለሽ፣ አንዴ ካሉ አሉ ነው። የጂፑ ወለል ግን ዝጎ እግር ያሾልካል። ስለዚህ ቦዲውን ከሻንሲው ላይ አንስቼ ከሥር ልበይደው ተነሳሁ።

እዚህ ከባድ ነገር ሲነሳ ክሬን እንደማንከራይ አልረሳሽም። ከሥራው በኋላ በእንፋሎቱ የምንታጠብበትን ሳውና አሞቅኩ፣ የኔዋ ዶሪን ሥጋና ድንች የሞላችበት ፓስቲ ጋገረች፣ ጎረቤቱን ጠራን። መሪውን ፈታሁ፣ ሽቦውን ነቀልኩ፣ ቡሎኑን ሁሉ አወጣሁ ብዬ ተማመንኩ። ሰዎቹ ዙሪያውን ይዘው ቢያነሱት ንቅንቅ አላለም። ራሰል፣ ያ ከመንገዱ ማዶ ያለው፣ ድሮ ለዳንስ ጠይቆሽ እንቢ ያልሽው፣ «እኛ ነን ያረጀን ወይስ ጂፑ ወፈረ?» አለ። ለካ ከሾፌሩ ወንበር ሥር አንድ ቡሎን ረስቻለሁ። «ሚስትህንስ ቤት ውስጥ አልረሳሃትም?» እያሉ ሳቁብኝ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

ቦዲውን በጎኑ ስናጋድመው ሥሩ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚያምር ነበር። የአባባ ሬንጅ ነው። በየዓመቱ በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ሳይበተን በፊት በጀርባቸው ተኝተው ይቀቡት የነበረው፤ ሰፈሩም ሁሉ ከሳቸው ተምሮ የሚቀባው። ስፍቀው ሬንጁ ላሜራውን ይዞት መጣ። ጨዉንና ውሃውን ከውስጥ አፍኖ ይዞ ብረቱን ሲበላው ኖሯል። ሻንሲው ወፍራም ብረት ስለሆነ ተርፏል፤ ቦዲው ግን ከላሜራው ቀዳዳው ይበዛል። ራሰል ዞር ብሎ የራሱን መኪና አየ።

አባባ በመስኮት ሲያዩን ነበር። እራት ላይ እኔ ነኝ አይደል ያበላሸሁት አሉኝ። ጨው ነው አልኳቸው። «ሬንጁ ነው፤ አንተ ለውሸት የሚሆን ፊት አልፈጠረልህም» አሉ። ብየዳው ለአደኑ እንደማይደርስም ነገርኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ስናገር ማልቀስ ነበረብኝ፤ ግን ምንም አልመጣልኝም፣ ሾርባዬን ጨረስኩ። እሳቸው ትንሽ አሰቡና ሞተሩ የተቀመጠው የት ነው አሉ። ሻንሲው ላይ አልኩ። መሪውስ? እሱም መልሶ ይገጠማል አልኩ። «ታዲያ ቦዲው ምን ያደርግልኛል?» አሉ።

ኢልማ፣ ወሰድኳቸው። ሻንሲው ላይ ሳንቃ ዘርግቼ ሁለት ወንበር በቡሎን አሰርኩ፤ ቤንዚኑን ከጀሪካን በቱቦ ሳብኩለት። አባባን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በቀበቶ አሰርኳቸው፣ ቀዩን ኮፍያቸውን አደረጉ። ዶሪን በኔ መኪና ከኋላ ተከተለችን። በእንጨት ጫኞቹ መንገድ ቀስ እያልን ስንሄድ ጭቃው ፊታችን ድረስ ይረጨን ነበር። እሳቸው ግን በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ፤ ቀስ በል፣ ሽማግሌ ጭነሃል ይሉኛል።

ጎጆው ጋ ስንደርስ ወደ ዶሪን መኪና ዞረው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ «ኢልማ አትወርድም?» አሉኝ። አእምሯቸው ደህና ነው፤ ሳታስታውቅ መጥታ ከኋላ እየተከተለችን ነው ብለው ለራሳቸው ነግረው ኖሯል። የለችም አልኳቸው። ያኔ ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ቆነጠጠኝ። እሳቸው ግን አላዘኑም፤ ወይም አላሳዩኝም። ቦዲውን አትመልሰው፣ ለሷም አንድ ወንበር ጨምር አሉኝ።

ሦስተኛውን ወንበር ትናንት አስሬያለሁ። ቦዲው ጋራዡ ውስጥ ተጋድሟል፤ እሱ በረዶው እስኪቀልጥ ይቆያል። አባባ ግን አይቆዩም። ሥራ አለብኝ፣ ጉልበቴ ነው አትበይ፣ ነይ።

ኬኒን ሳሉን በማር ያስታግስ በይልኝ። ጁንን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ። ዶሪን ከልብ ሰላም ብላሻለች፣ አልጋሽን አንጥፋለች። ራሰልም ሰላም ብሎሻል፣ ዳንሱ አሁንም እንዳለ ነው ይላል። አባባ ደግሞ ወፍራም ካፖርት ይዛ ትምጣ ብለዋል፤ ነፋሱን የሚከልል ነገር የለም።

ወንድምሽ ኋይኖ
ባራጋ፣ ሚሺጋን፣ ኖቬምበር 20