በኑራ ስም የሠራሁት ሒሳብ

ዶሃ፣ ረያን
ሚያዝያ 20 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህሬ፣

እንደምን ከርመዋል? ጠመኔ ሲነኩ የሚነሳብዎ ሳል ተሻለዎት? ባለቤትዎና ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው። ከወረታ ስወጣ ሳልሰናበትዎ መሄዴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በሒሳብ ወድቄ ዓይንዎን ማየት ከብዶኝ ነበር። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም፤ ተናድጄም ነው። ቢቀየሙኝም ልንገርዎት።

የምሠራበት ቤት ማዳም፣ ባባና አራት ልጆች አሉ። ትልቋ ኑራ አሥረኛ ክፍል ናት። ባለፈው መስከረም ትምህርት ቤቷ ነገሩን ሁሉ ወደ ኢንተርኔት አዞረው። መምህሯ ስታስተምር በቪዲዮ ተቀርጾ ይቀመጣል፤ የቤት ሥራው እዚያው ይሰጣል፣ እዚያው ይታረማል። ሒሳቡ እንደኛው በእንግሊዝኛ ነው። ኑራ ግን ላፕቶፑን የምትከፍተው ፊልም ለማየትና ከጓደኞቿ ጋር ለመጻጻፍ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ እኔ ክፍሏ ውስጥ ልብስ ስተኩስ፣ የቤት ሥራው አልሠራ ብሏት ስታለቅስ አየኋት። ጠጋ ብዬ ሳይ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ነው። እኔን የጣለኝ ያው ራሱ።

«ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለችኝ ገርሟት። «አላውቀውም፤ ግን ቪዲዮውን ክፈችልኝ» አልኳት።

መምህሬ፣ ቪዲዮው ሲፈልጉ ይቆማል። ወደ ኋላም ይመለሳል። ያልገባኝን ቦታ ሰባት ጊዜ አስደገምኳት፤ በስምንተኛው ገባኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። የኛ ፕላዝማ ትዝ አለኛ። ሰውየው ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ሰጥቻችኋለሁ ይልና እስክሪብቶ ሳናነሳ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፋል። እርስዎ በሩ አጠገብ ቆመው ያዩናል። እንዳልገባን ያውቁ ነበር። አንድ ቀን እጄን ባወጣ «ይጨርስና» አሉኝ፤ ሲጨርስ ደወል ተደወለ። ለምን አላጠፉትም? መመሪያ እንደነበረብዎ አውቃለሁ፣ ግን ስድሳ አምስት ልጆች ነበርን።

ከዚያ ወዲህ ኑራ ፓስዎርዷን ሰጠችኝ። የቤት ሥራውን እኔ ሠርቼ እልካለሁ፣ እሷ ትተኛለች። ማታለል መሆኑን አጥቼው አይደለም። መጀመሪያ አዝኜላት ነው እል ነበር፤ እውነቱ ግን ለራሴ ስል ነው። ዘጠና፣ ዘጠና አምስት እያለ ውጤቱ ሲመጣ ማዳም ለዘመዶቿ ሁሉ ደውላ አወራች።

በጥር ወር መምህሯ ሚስ ሃላ በዚያው ድረ ገጽ ላይ መልእክት ላከች። «ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ሳወጣሽ አንዲት መስመር አትጽፊም። ይህን የሚሠራው ማን ነው?» ይላል። ኑራ ዝም በይው አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ጻፍኩላት፤ «ስሜ አልታየች ይባላል። የቤቱ ሠራተኛ ነኝ። አገሬ አሥረኛ ክፍል ደርሼ ወድቄአለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት።

ትከሰኛለች ብዬ ስጠብቅ እንዲህ ብላ መለሰች፦ «ሁለተኛ እንዳትሠሪላት። አጠገቧ ተቀምጠሽ ራሷ ትሥራ። ላንቺ ሌላ ጥያቄ እልካለሁ።» በየሳምንቱ ላከችልኝ። ስሳሳት የቱ ጋ እንደሳትኩ ጽፋ ትመልስልኛለች። በአካል አግኝታኝ የማታውቅ ሴት ናት። ኑራ መጀመሪያ አኮረፈች፣ ኋላ ግን ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። በመጋቢቱ ፈተና ራሷ ሠርታ ስልሳ አንድ አመጣች። ወረቀቱን ከሁሉ በፊት ያሳየችው ለኔ ነው።

ማዳም ዘጠና ስለለመደች ስልሳ አንዱ አልዋጥልሽ አላት። ባባ ትምህርት ቤቱ ለወላጆች በሰጠው ፓስዎርድ ገብቶ እኔና ሚስ ሃላ የተጻጻፍነውን አንድ በአንድ አነበበ። አልጮኸም። ሳሎን አስጠርቶኝ «የቤቴን ጉዳይ ለውጭ ሰው የምትጽፊ አንቺ ማን ነሽ?» አለኝ። ለመማር ነው አልኩት። «የመጣሽው ለሹግል፣ ለሥራ ነው እንጂ ለትምህርት አይደለም። ኸላስ፣ አበቃ» አለኝ። ኑራ «እሷ ናት ያስተማረችኝ» እያለች ስታለቅስ ማዳም እጇን ይዛ ወደ ክፍሏ አስገባቻት። በሳምንቱ አስጠኚ ቀጠሩላት። እኔም ከዚያ ወዲህ ክፍሏን የማጸዳው እሷ ትምህርት ቤት ስትሆን ብቻ ነው።

የሚያበግነኝ የባባ ቁጣ እንዳይመስልዎት። ያ ሁሉ ትምህርት እዚያው አለ፤ ሲፈልጉት ይከፈታል፣ ያልገባው ሰው ደጋግሞ ያየዋል። እኔ ግን የምገባበት ስም የለኝም።

ሚስ ሃላ መጨረሻ ላይ የላከችልኝን ጥያቄ ሳልመልስላት ቀረሁ። ከዚህ ወረቀት ጀርባ ሠርቼዋለሁና እባክዎ ያርሙልኝ። ሌላም ላስቸግርዎ ነው፤ የመጪውን ዓመት የአሥረኛ ክፍል ፈተና በግል ለመፈተን ምን እንደሚያስፈልግ ይጠይቁልኝ። የተናገርኩዎትን ከተቀየሙኝም ፊት ለፊት ይቆጡኝ፤ እሰማለሁ።

ደብዳቤውን የምታደርስልዎ ከበቡሽ ናት፤ እዚህ ጎረቤት ቤት ስትሠራ ቆይታ ለእረፍት ነገ ትገባለች። እኔንም ባባ እየመለሰኝ ነው፤ ትኬቴ ለሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ተቆርጧል። ፓስፖርቴን ባባ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ይሰጠኛል።

ይህን ለእናቴ እንዳያነቡላት አደራ። ስሄድ እንዳይከፋት ብዬ የሁለት ዓመቱን ኮንትራት የአንድ ዓመት ነው ብያት ነበር። ከጠየቀችዎት ጨርሳ ነው የመጣች፣ እንዲያውም ሁለት ወር ጨምራለች ይበሏት።

ፈጣሪ ጤናዎን ይመልስልዎ፤ ቤትዎን በሰላም ያኑርልዎ።

ተማሪዎ