የጎመንን ልብ ከረሃብ ስላዳኑት ስለ ዶክተር ታክ ሄሱክ ዕረፍት ከወጣት ተመራማሪዎች ማኅበር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የዱንጄ ደጋ አትክልት ምርምር ተቋም ወጣት ተመራማሪዎች ማኅበር፣ የተክል ህዋስ ተመራማሪዋ ዶክተር ታክ ሄሱክ ባደረባቸው የቆሽት ካንሰር ማክሰኞ ጠዋት ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለጎመን አምራቾችና ለሕዝብ የሚያስታውቀው በጥልቅ ሀዘን ነው። ተቋሙ ትናንት ባወጣው አጭር ማስታወቂያ ዶክተሯን "የረጅም ጊዜ ረዳት" ብሎ ስለጠራቸው፣ የሠሩትን የሚናገር ሌላ መግለጫ ማውጣት ግድ ሆኖብናል።

ዶክተር ታክ በጋንግዎን ደጋ ከጎመን ገበሬዎች ተወለዱ። በሴኡል ዶክትሬታቸውን ከያዙ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በአንድ ዓመት ኮንትራት ተቋሙን ተቀላቀሉ። ኮንትራቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው በየዓመቱ ሲታደስ ኖረ እንጂ ቋሚ ተመራማሪ አልተደረጉም።

እ.ኤ.አ. በ2011 በጋ ኪምቺ የተባለው የተብላላ ምግብ የሚሠራበት የደጋው ጥቅል ጎመን ውጪው ለምለም፣ ውስጡ ጠርዝ ጠርዙ የተቃጠለ ሆኖ ከገበያ ተመለሰ። ተቋሙ እንደ ልማዱ ሙሉውን ጎመን አንድ ላይ ፈጭቶ መረመረና ካልሲየም እንዳልጎደለው አስታወቀ፤ ጥፋቱንም በገበሬው ውሃ አጠጣጥ ላይ ጣለ። ዶክተር ታክ ግን ጎመኑን ቅጠል በቅጠል ለይተው የእያንዳንዱን ጭማቂ ለብቻው መረመሩ። የውጪዎቹ ቅጠሎች ካልሲየሙን ቫኪዩል በተባለው የህዋስ ከረጢት አጭቀው ሲይዙ፣ ገና የሚያድጉት የልብ ቅጠሎች ተርበው አገኟቸው።

ይህ ከረጢት የተክል ማጀት ነው። ትርፍ ንጥረ ነገር ያከማቻል፣ በውሃ ተወጥሮም ህዋሱን ያሳድጋል። ናይትሬትን በችግር ቀን መልሶ ያወጣል። በውጪ ቅጠል ማጀት የገባ ካልሲየም ግን ወደ ልብ ቅጠል አይሻገርም። ዶክተሯ ይህን ለገበሬዎች ሲያስረዱ "ጎመናችሁ ድሃ አይደለም፤ ታላላቆቹ ማጀቱን ቆልፈው ነው" ይሉ ነበር። አንድ አዛውንት "ይሄማ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ዶክተር" ብለው አዳራሹን በሳቅ ሞልተውታል።

ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ የውጪ ቅጠሎቹ ማጀት ካልሲየም ለመሰብሰብ የማይስገበገብ ጎመን ለማግኘት ሲያዳቅሉና ሲመርጡ ከረሙ። ዳይሬክተሩ ፕሮፌሰር ማ ጆንግቴ በጉባኤ ፊት "ታክ፣ ጎመን ይበላል እንጂ ልቡ አይመረመርም" አሏቸው። "የሚበላው እኮ ልቡ ነው፣ ፕሮፌሰር" ብለው መለሱ። የሙከራ ማሳ ተከለከሉ፤ በእናታቸው መሬት ላይ ዘሩ።

ባለፈው በጋ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ የዶክተር ታክ ጎመን ተሰንጥቆ ሲታይ ልቡ ንጹሕ ነበር።

ዘንድሮ በጸደይ ተቋሙ ዝርያውን ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ አዳቃይ ተብሎ የተጻፈው ፕሮፌሰር ማ ጆንግቴ ብቻ ነው። ዶክተር ታክ ከሆስፒታል ደውለው ስማቸው እንዲገባ ጠየቁ። "አንቺ አሁን ስለ ጤናሽ አስቢ" ተባሉ። በጉባኤ ላይ ጥያቄውን ያነሣችው የማኅበራችን ጸሐፊም ኮንትራቷ እንደማይታደስ ተነግሯታል። ጥያቄውን ግን አላነሣችም ብለን አንክድም፤ እነሆ ሁላችንም አነሣነው። ምዝገባው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ከዚያ በፊት የዶክተር ታክ ሄሱክ ስም በአዳቃይነት እንዲጻፍ እንጠይቃለን።

ተቋሙ ለቅሶ ወደሚደረስበት የቀብር አዳራሽ በእግሩ የሚቆም ባለ ሦስት ደረጃ የአበባ ጉንጉን ልኳል። በጥብጣቡ ላይ የዳይሬክተሩ ስም ከሟቿ ስም ገዝፎ ተጽፏል። የዶክተሯ እናት ወይዘሮ ኖ ቦንግኔ "ይሄ ሰውዬ እዚህም ሊቀድማት ነው?" ብለው የጉንጉኑን ፊት ወደ ግድግዳ አስዞሩት።

ስለዚህ ማኅበሩ በወግ ወደ አዳራሹ የሚልከውን ጉንጉን ከነገ ጠዋት ጀምሮ በተቋሙ ዋና በር ላይ ያቆማል። ጥብጣቡ "የዚህ ጎመን አዳቃይ ዶክተር ታክ ሄሱክ ናቸው" ይላል።

ለወይዘሮ ኖ ቦንግኔ፣ ለዶክተሯ ወንድም፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለደጋው ገበሬዎች መጽናናትን እንመኛለን። የተቋሙ ጥበቃዎች ጉንጉኑን ቢያነሱት፣ በማግስቱ ሌላ እናቆማለን።

የወጣት ተመራማሪዎች ማኅበር