ሦስት ሞክሼዎች በአንድ ካርድ

ለከተማችን የታሪክ መዝገብ ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ በተለይም ዓይንዎን ይጠብቅልኝ፤ ካርድ ለሚያነብ ሰው ዓይን ያስፈልገዋልና።

እኔ ከማዋለጃ ቤቱ ጀርባ የምኖር ጡረተኛ የሒሳብ መምህርት ነኝ። በመጪው ማክሰኞ በማዋለጃ ቤቱ በር ላይ ሊያሰቅሉት ያዘዙትን የመታሰቢያ ሰሌዳ ትናንት እንጨት ቀራጩ ዘንድ ቆሜ አነበብሁት። ፎቶግራፉ በዚያ ቤት አርባ አንድ ዓመት ያዋለደችው የታላቅ እህቴ ነው። ከሥሩ እንዲቀረጽ የታዘዘው ጽሑፍ ግን ድልድይ ስላሠራችና የሴቶች ትምህርት ቤት ስለከፈተች ሴት ነው። ስለ ምጥ አንዲት ቃል የለበትም።

ጸሐፊዎን ብጠይቀው በትሕትና አስረዳኝ፤ በደንባችሁ ለአንድ ስም የሚከፈተው አንድ ካርድ ብቻ ነው፤ ሰሌዳም ከሦስት መስመር አያልፍም፤ የአዋላጅነቱ ነገር በቦታ ጥበት ተቀንሷል። የሦስቱም ሴቶች ስም ከነአባታቸው አንድ ከሆነ ምን ልዩነት አለው እማማ፣ አለኝ። ልዩነቱ ይኸውልዎ።

፩. ድልድዩን ያሠሩት እመቤት እህቴ ከመወለዷ መቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ዐርፈዋል። በካርድዎ ላይ ግን ድልድይ አሠርተው ሞቱ፣ ትምህርት ቤት ከፍተው እንደገና ሞቱ፣ ከዚያም ለአዋላጅነት ሥልጠና ተመዘገቡ። ለትጋታቸው ምስጋና ይገባቸዋል።

፪. ትምህርት ቤቱን የከፈቱት መምህርት ሳይወልዱ ነው ያለፉት። መሥሪያ ቤትዎ የእህቴን አራት ልጆች ስለሰጣቸው፣ ልጆቹ አዲሲቱን እናታቸውን ለመተዋወቅ ጓጉተዋል።

፫. እህቴ ድልድይ አላሠራችም። ጎርፍ ድልድዩን በዘጋበት ሳምንት ግን ገመድ ይዛ ወንዙን ተሻግራ መንታ አዋልዳለች። ከመንታዎቹ አንዱ ያ እንጨት ቀራጭ ነው። ጽሑፉን ሊቀርጽ ተነሥቶ እጁ እምቢ ስላለው ነው ያስጠራኝ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ሦስት መቃብር በአንድ ስም ይዘጋል ሲባል ግን የሰማሁት ከእርስዎ ዘንድ ነው።

ስለዚህ ሦስት ካርድ ይክፈቱ። ካርድ ካጠራችሁ ከደብተሬ ቀድጄ አመጣለሁ። እስከዚያው በክብር እንግድነት ያዘጋጁልኝ ወንበር ይቅርብኝ፤ ማክሰኞ ጠዋት የራሴን በርጩማ ይዤ ሰሌዳው ከሚሰቀልበት ምስማር ሥር እቀመጣለሁ። ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በገዛ ፈቃዴ አልነሣም። ሊያስነሡኝ ከወደዱ በእህቴ እጅ ያልተወለደ ፖሊስ ይፈልጉ፤ ፍለጋው ጊዜ ስለሚወስድ ከዛሬ ቢጀምሩ መልካም ነው።

ላደረጉልን ሁሉ፣ በተለይም ላላደረጉት፣ ከልብ እያመሰገንሁ፣

በመዝገብዎ ገና ያልሞትሁት
የአዋላጇ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ የእርስዎን ስም ከነአባትዎ የያዙ ስድስት ሰዎች በከተማችን አግኝቻለሁ። አንደኛው በሐሰተኛ ማኅተም ሦስት ዓመት ታስሮ ባለፈው ወር የተፈታ ነው። በደንብዎ መሠረት፣ እንኳን በሰላም ወጡ።