መግሪብ ሳይደርስ

ሰኞ

ሰባትና ሁለት። ጋሼ ወርቁ በእጅ ከሚያዙት ሁለት ካርታዎች ከዚህ የከፋ የለም ይላሉ። ዛሬ ደጋግሞ ደረሰኝ፣ ደጋግሜ ጣልኩት። ጥሩ ካርታ ስጠብቅ በገንዘብ ፋንታ የምናስይዛቸው ቆርኪዎቼ አለቁ።

ጋሼ ጡረታ ወጥተው ወደ አዳማ ሊሄዱ ነው። ፎቅ ላይ ያለችው ክፍላቸው ትለቀቃለች። በግቢው መስኮት ያላት እሷ ብቻ ናት። አራት መምህራን ፈለግናት፦ እኔ፣ ክፍል የምጋራው የሒሳቡ ሳሙኤል፣ የስፖርቱ ደረጀ፣ የባዮሎጂው ሙክታር። አከራያችን ሐጂ፣ "እኔ ከልጆቼ መሀል አልመርጥም፣ ተስማሙና ንገሩኝ" አሉ። አልተስማማንም። በመጨረሻ ጋሼ ኩባ ሲማሩ ለምደው ያስተማሩን ፖከር ይፍረድ ተባለ። ቅዳሜ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የተረፈ ይገባባታል።

ሐጂ ሲሰሙ፣ "ሳንቲም ካየሁ ሐራም ነው፣ ሁላችሁም ትወጣላችሁ" አሉ። ቆርኪዎቹን አሳየናቸው። አገላብጠው አዩና፣ "የቢራውን ለቅማችሁ አውጡ።"

ባለቤቴ ሂሩት ልጃችንን ይዛ እሑድ ትመጣለች። ወይም አትመጣም። በስልክ ያለችኝ፦ "ልጅቷ እያሳላት መስኮት የሌለው ቤት አላስገባትም። ካላገኘህ እናቴ ጋ እቆያለሁ።" እስከ መቼ ብዬ አልጠየቅኳትም።

ማክሰኞ

ትናንት ቆርኪዎቼ ለምን እንዳለቁ ገባኝ። ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ።

ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ሰው በተራው ቆርኪ ያስቀምጣል፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። ግዴታ እንለዋለን። ብዙ ሰው ሲኖር ግዴታው አልፎ አልፎ ነው የሚደርስህ፣ ቁጭ ብለህ ትልቁን ካርታ፣ አስን፣ መጠበቅ ትችላለህ። አራት ስንሆን ግን ዙሩ ያጥራል። ጠባቂውን ግዴታው ይበላዋል። ስለዚህ ተራ ካርታም ቢሆን መጫወት አለብኝ።

ግዴታው የዐስር፣ የከሰዓቱ ሶላት፣ አዛን ሲሰማ እጥፍ ይሆናል፣ ሰው በወጣ ቁጥርም ይታጠፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ሲጀምር የተያዘው ካርታ ተጨርሶ ጨዋታው ያበቃል። ያኔ ሁለት ሰው ካለ ቆርኪ የበዛለት ያሸንፋል።

ግን የቱ አዛን? ጀጎል ውስጥ አንዱ መስጊድ ሲጀምር ሌላው ይቀበለዋል። ደረጀ በመጀመሪያው ይታጠፍ አለ፣ ሳሙኤል በመጨረሻው። ሙክታር እስኪያስለው ሳቀ። "ወላሂ እኔ እንኳ እንደናንተ አዳምጬው አላውቅም" አለ። የፈላና በሩ መስጊድ ይሁን ተባለ።

ረቡዕ

ጫት ቃምኩ። ሙክታር ጋ በርጫ ላይ ነበርን። መርቅኛለሁ። ሁሉም ነገር ግልጽ ነው። ልጻፈው፦

በመጨረሻ የሚናገር ሰው ጌታ ነው፣ የሁሉን ፊት አይቶ ይወስናል።
ከዐስር በፊት ትዕግሥት፣ ከዐስር በኋላ ድፍረት።
ብዙ ቆርኪ ያለውን አትንካ። መካከለኛውን አስፈራራ። መውጣት የሚያስፈራው እሱን ነው።
ወይ ያለህን ሁሉ ግፋ ወይ ካርታህን ጣል። አይቶ መከተል የለም።
ሁለት ስንቀር ማንኛውም አስ ትልቅ ነው።

የመጋረጃውን ቀለም መርጫለሁ። አረንጓዴ። ይህን ሁሉ መጽሐፍ አድርጌ ማሳተም አለብኝ። ለምን እስካሁን መጽሐፍ አልጻፍኩም?

ሐሙስ

የትናንቱን አነበብኩ። አፈርኩ። ግን ስህተት አላገኘሁበትም።

በልምምዱ ግን መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ። በየካርታው ስገፋ ደረጀ ሁለት ንጉሥ ይዞ ጠበቀኝ። ጋሼ፣ "ድፍረት ተቆጥቦ የሚወጣ ነገር ነው። አንተ ሻይ ሳይቀርብ ጨረስከው" አሉ።

ስንወጣ ሙክታር ወደ ጎን ወሰደኝ።

"ስትዋሽ ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል።"

"ማን አየው?"

"ማየት አያስፈልግም። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ።"

ለምን እንደነገረኝ አላውቅም። እሱም ክፍሏን ይፈልጋል። ለዲግሪው ፈተና የሚያነበው ቀንም በአምፖል ነው፣ ዓይኑ ይቀላል።

ዓርብ

ሂሩት ደወለች። "ትኬት ልቁረጥ ወይ?"

"ቁረጪ" አልኳት።

ካርታዬን ሳላይ ያለኝን ሁሉ ገፋሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጉልበቴን ያዝኩት።

ቅዳሜ

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ደረጀ ከዐስር በፊት ወጣ። ሁለት ንግሥት ይዞ ፎከረ፣ ሳሙኤል ሁለት አስ አወጣ። "በእግር ኳስ ቢሆን ኖሮ" እያለ ጫማውን አጥልቆ ሄደ።

የዐስር አዛን ተሰማ። ሙክታር ሰግዶ እስኪመለስ ጠበቅነው። ግዴታው ከበደ። ሳሙኤል መካከለኛ ነበር። ሕጌን ያዝኩና ደጋግሜ ገፋሁበት፣ ደጋግሞ ጣለ። እያሰበ፣ እያሰላ፣ እየጣለ አነሰ። መጨረሻ ላይ ሲከተለኝ እኔ አስ ነበረኝ። "ምንም አይደል፣ አንተ ካሸነፍክ ክፍላችን ለብቻዬ ነው" አለና ከጀርባዬ ተቀመጠ።

እኔና ሙክታር። እሱ በትንሽ ይበልጠኛል። ፀሐይ ግድግዳው ላይ ቀልታለች። ዝም ብሎ ጊዜ ቢገድል መግሪብ ይደርስለታል። አልገደለም፣ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚጫወተው።

ጋሼ አደሉ። "የመጨረሻው ሳይሆን አይቀርም" አሉ። ትልቁ ግዴታ የሙክታር ነው፣ ቀድሜ የምናገር እኔ። ካርታዬን ገለጥኩ።

ሰባትና ሁለት።

ሁሉንም ገፋሁ።

ሙክታር ካርታውን አየ። እኔን አላየም። ብርጭቆዎቹ ሲንጫጩ ሰማሁ። ጉልበቴን በእጄ ብጫነውም አልቆመም። ሳሙኤል እንኳ ሰምቶታል። ያኔ የፈላና በሩ አዛን ጀመረ። ሙክታር ካርታውን ገልብጦ አስቀመጠና ተነሣ። ያስቀመጠው ግዴታ ወደ እኔ ዞረ። በዚያችው በለጥኩት። ጋሼ ካርታዎቹን ሰብስበው በወዙ።

ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ ነገርናቸው። "መብሩክ" አሉኝ፣ "ካርታውን ከዓይኔ አርቁልኝ።"

እሑድ

መጡ። ሻንጣውን ደረጃው ላይ የተሸከመልኝ ሙክታር ነው። ሲወርድ ተከተልኩት።

"ምን ይዘህ ነበር?"

"የተጣለ ካርታ አይታይም። የጋሼ ሕግ ነው።"

"ብርጭቆዎቹን አልሰማህም?"

"አዛን ነበር የምሰማው" አለና ክፍሉ ገባ። ቀን ነው፣ አምፖሉን አበራ።

ሂሩት መስኮቱን ከፍታ ቆማለች። "ይህን እንዴት አገኘኸው?" አለችኝ። የማላውቀውን ምን ብዬ ልንገራት። ዕድል ነው አልኳት።

ነገ ሙክታርን እዚህ መጥቶ እንዲያነብ እጠይቀዋለሁ። እምቢ ካለ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። እሺ ካለም አላውቅም።

ልጅቷ ተኝታለች። ከምሳ ወዲህ አላሳላትም።