«ሚጣ» የሚል ፊርማ ስላለባቸው ሃያ ሦስት የልደት ቅጾች

ለወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ጉዳዩ፦ በአዋላጇ ስም ምክንያት የተመለሱ የልደት ማሳወቂያ ቅጾች እንዲመዘገቡ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ሰኞ ኅዳር 10 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከጤና ጣቢያችን የተላኩ ሃያ ሦስት የልደት ማሳወቂያ ቅጾች ከጽሕፈት ቤትዎ ተመልሰው ደርሰውናል። በሁሉም ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው አንድ ነው፦ «ያዋለደችው ባለሙያ መደበኛ ስሟን ትጻፍ። የቁልምጫ ስም ተቀባይነት የለውም።»

ያዋለድኩት እኔ ነኝ። ስሜ ሚጣ ነው። አሳጥሬ የምጽፈው ወይም ባልደረቦቼ ያወጡልኝ አይደለም። በልደት ምስክር ወረቀቴ፣ በዲፕሎማዬ፣ በሙያ ፈቃዴና በመታወቂያዬ ላይ የሰፈረው ይኸው ነው። የአራቱም ቅጂ ተያይዟል። ዕድሜዬ አርባ ሰባት ነው። በዚህ ጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ።

1. ባለፈው ወር የወጣውን መመሪያ አንብቤዋለሁ። የቁልምጫ ስሞች ለአራስ ልጅ በመደበኛ ስምነት እንዳይመዘገቡ ይከለክላል። በቅጽ ላይ የሚፈርም ባለሙያም «ሙሉና መደበኛ ስሙን» እንዲጽፍ ያዛል። የመመሪያውን ሐሳብ አልቃወምም። እንዲያውም ከማንም ቀድሜ ስመክርበት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለምን እንደሆነ በተራ ቁጥር 4 ላይ እገልጻለሁ።

2. ማክሰኞ ጠዋት ቅጾቹን ይዤ በአካል ቀርቤ ነበር። በመስኮት ቁጥር 3 ያለው ወጣት ሠራተኛ በትሕትና ተቀበለኝ። «እናቴ፣ ይሄ እኮ የቤት ስም ነው። የመዝገብ ስምዎን ይንገሩኝ» አለኝ። የመዝገቡ እንደሆነ ነግሬ መታወቂያዬን ሰጠሁት። መታወቂያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ኋላው ዞሮ ለጓደኛው «ና እስቲ፣ ሚጣ መጣች!» አለ። በወረፋው ላይ የነበሩት ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ለምጄዋለሁ። ይህን የምጠቅሰው ሠራተኛውን ለመክሰስ አይደለም። መታወቂያዬ መታየቱን ለማስረዳት ነው።

ከዚያ የቡድን መሪዋ ወጥተው አነጋገሩኝ። «ሲስተር፣ አናውቅዎትም አላልንም። ግን ነገ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሚጣ የሚል ፊርማ ያለበትን የልደት ማስረጃ ማን ያምነናል?» አሉኝ። ሁለት መንገድ አመለከቱኝ። አንደኛው ስሜን በፍርድ ቤት አስቀይሬ እንድመለስ ነው። ሁለተኛው ሌላ አዋላጅ በእኔ ፈንታ እንድትፈርም ነው።

3. ስሜ እንዴት እንደተመዘገበ ስለተጠየቅኩ በአጭሩ አስረዳለሁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእኔን ያወጣው የሰባት ዓመት ወንድሜ ነው። ስወለድ ሁለቱም አያቶቼ ስም ይዘው መጡ። የእናቴ እናት በአንዱ፣ የአባቴ እናት በሌላው ይጠሩኝ ጀመር። አንዷ በጠራችበት ሌላዋ አትገባም። እናቴ አልጋ ላይ ነበረች፤ በሁለቱ መሀል እሷ ምን ስም እንደምትፈልግ የጠየቃት የለም። ወንድሜ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ሚጣ ይለኝ ነበር። አባቴ የሰላም ሰው ነበር። መዝገብ ቤት ሄዶ ስም ሲጠየቅ «እስኪስማሙ ሚጣ ትባል» አለ። ጸሐፊው የመጨረሻውን ቃል ብቻ ጻፈ። አያቶቼ ሳይስማሙ አለፉ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ለፈተና ምዝገባ ሌላ ስም መርጬ ነበር። ረጅምና ከባድ ስም ነው። አባቴ ቅጹን አየና አልተቆጣም። «ልሂድና ላስቀይርልሽ። ግን ይሄ የየትኛዋ አያትሽ ነው ልበል?» አለኝ። ሁለቱም ያኔ በሕይወት ነበሩ። ተውኩት።

4. እንዲህ ያለ ስም እንደማይጎዳ አድርጌ ለጽሕፈት ቤትዎ አልናገርም። ይጎዳል። አንድ ባል በማዋለጃው ክፍል በር ላይ ቆሞ «ሚጣ የምትባል ሕፃን ነው ሚስቴን እንድትይዝ የላካችሁት?» ብሎ ጮኋል። በአንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ የደረት ካርዴን አይቶ የልጄን ካርድ በስህተት ያደረግኩ መስሎት በትሕትና ጠቁሞኛል። ፀጉሬ ሸብቶ ሳለ ወጣቷ የሥራ ባልደረባዬ «እትዬ ሚጣ» ስትለኝ የሰማ ሁሉ ዞሮ ያየናል።

ስለዚህ ለእናቶች ዘወትር የምነግራቸው አንድ ነገር አለ። ስም ስታወጪ ሦስት ቦታ ሆነሽ ጥሪው፤ አልጋው አጠገብ፣ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ። በሦስቱም ካላሳፈረሽ ስም ነው እላቸዋለሁ።

ይህን ምክር ከሰጠኋቸው አንዷ ከተመለሱት ሃያ ሦስት ቅጾች የአንዱ እናት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። በወለደች በሁለተኛው ሰዓት «ሲስተር፣ ማሙሽ ልበለው? አፌ ላይ እሱ ነው የመጣው» አለችኝ። ሦስቱን ቦታ ነገርኳት። ሳቀችብኝ። «አንቺስ? ፍርድ ቤት በር ላይ ሚጣ ቢሉሽ ምን ትሆኛለሽ?» አለች። እስካሁን አልጠሩኝም አልኳት። አሰበችበትና የሟች አባቷን ስም ሰጠችው። ቅጹ ላይ ያለው ያ ስም ነው። እንከን የለበትም። የተመለሰው በእኔ ስም ምክንያት ነው።

5. ይህ ሕፃን የላይኛው ከንፈሩ ተሰንጥቆ ነው የተወለደው። ጡት በደንብ መያዝ ስለማይችል እናቱ ወተቷን እያለበች በማንኪያ ታጠጣዋለች። አንድ ጊዜ ለማጥገብ ከአርባ ደቂቃ በላይ ይፈጅባታል። ይህን ስታደርግ የስፌት መኪናዋ ይቆማል። ክብደቱ ግን ባለፈው ሳምንት ለቀዶ ሕክምና የሚፈለገው ላይ ደርሷል። ወደ ሪፈራል ሆስፒታሉ ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚመጡ ሐኪሞች አሉ። ሆስፒታሉ የሕፃናቱን ዝርዝር እየሞላ ነው። ያለ ልደት ምስክር ወረቀት ግን ፋይል አይከፍትም። ሐኪሞቹ ተመልሰው የሚመጡት ከዓመት በኋላ ነው።

የዚህ ሕፃን ቅጽ በተወለደ ማግስት ተሞልቶ በዚያው ወር መጨረሻ ተልኳል። መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ከሌሎቹ ጋር ሳይመዘገብ ቆየ። ከዚያ መመሪያው መጣ። ዛሬ ሕፃኑ ሰማኒያ ቀኑ ነው። ዘጠና ቀን ካለፈው ደግሞ ምዝገባው እንደዘገየ ስለሚቆጠር ቤተሰቡን ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት መንከራተት ይጠብቀዋል።

6. የቡድን መሪዋ ስላመለከቱኝ ሁለት መንገዶች።

ስም ማስቀየር ቢያንስ አራት ወር ይወስዳል። ይህን በዚያው ዕለት ፍርድ ቤት ሄጄ አጣርቻለሁ። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ «ሚጣ፣ ግትር አትሁኚ። ስም ነው እንጂ ሃይማኖት አይደለም፤ ቀይሪው» ብለውኛል። ብቀይረውም ግን ሃያ ሦስቱን ያዋለደችው ሚጣ እንጂ አዲሷ ሴትዮ አይደለችም። በአዲስ ስም በአሮጌ ቀን መፈረም ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጽሕፈት ቤትዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃል።

ሁለተኛው መንገድ ቀላል ነው፤ የከበደኝም እሱ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከወጣቷ ባልደረባዬ ጋር በመዝገብ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ የልብስ ሰፊዋን ልጅ ቅጽ ዘርግተን ተቀምጠን ነበር። እስክሪብቶ ይዛለች። «እትዬ ሚጣ፣ አምጪው እኔ ልፈርም። ልጁ ይዳንና እኛ እንኮነን» አለችኝ። የዚያን ዕለት አንቺ ዕረፍት ላይ ነበርሽ አልኳት። «እሱን ወረቀቱ አያውቅም» አለች። እኔ ግን አውቃለሁ። ቅጹ «በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ተቀብዬ» ይላል። የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ከንፈሩን መጀመሪያ ያየሁት፣ እናቱ ሳትጠይቀኝ ምን ብዬ እንደምነግራት ያሰብኩት እኔ ነኝ። እጄን ከቅጹ ላይ አላነሳሁም። ተቆጥታኝ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ክቡር ኃላፊ፣ ሕፃኑ ተራው ቢያልፈው ከፊሉ ምክንያት የእኔ እምቢታ እንደሆነ አውቄ ነው የምጽፈው። ለእናቱ ገና አልነገርኳትም። ነገ ጠዋት ልጇን ለማስመዘን ትመጣለች።

7. አንድ ነገር እንዲመረመርልኝ እጠይቃለሁ። በእነዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመታት «ሚጣ» የሚለውን ፊርማ ጽሕፈት ቤትዎ በብዙ ሺህ ቅጾች ላይ ተቀብሎ መዝግቧል። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ዛሬ ተማሪዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሥራ ይዘዋል። ፊርማዬ ዛሬ ማስረጃ ካልሆነ የእነሱ ልደት በምን ይጸናል? ተቆጣጣሪ የሚጠይቀው ስሙ ያምራል ወይ ብሎ አይደለም። ሴትዮዋ አለች ወይ፣ በዕለቱ ሥራ ላይ ነበረች ወይ፣ ፊርማው የእሷ ነው ወይ ብሎ ነው። የሦስቱም መልስ አዎ ነው። የሥራ ፈረቃ መዝገባችን ቅጂ ተያይዟል።

ነገ ለሚወለድ ልጅ ስም ሲወጣ ማስጠንቀቅ ተገቢ ነው። ለምክሩ ጊዜ አለ፤ ልጁም ገና ስሙን አያውቀውም። ሰው አርባ ሰባት ዓመት የተጠራበት፣ የተማረበት፣ የማለበት ስም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሲጀመር ቁልምጫ ይሁን ምን ይሁን፣ አሁን የሰውየው ነው። እኔ ራሴ ስሜን ለመውደድ ሠላሳ ዓመት ፈጅቶብኛል። ያስወደዱኝም ወላዶቹ ናቸው። በምጥ ላይ ያለች ሴት የሰው ስም ስትጠራ ረጅሙን አትመርጥም። ሚጣ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል።

8. ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ. ሃያ ሦስቱ ቅጾች ከመታወቂያዬና ከሙያ ፈቃዴ ጋር ተመሳክረው እንዲመዘገቡ፤

ለ. የሁሉም ውሳኔ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ፣ በዝርዝሩ ተራ ቁጥር 17 ላይ ያለው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ቅጽ ብቻ ተነጥሎ አስቀድሞ እንዲታይ፤ የእኔ ጉዳይ ይቆይ፣ ተጠርቼ የምጠየቀው ካለም በማንኛውም ሰዓት እቀርባለሁ፤

ሐ. መመሪያው ዛሬ በሚወጣ ስምና ቀድሞ በተመዘገበ ስም መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ እንዲያስቀምጥ። የእኔ ዓይነት ስም ያላቸው ሌሎችም አሉ። በእኛው ጤና ጣቢያ እንኳ አንድ ስልሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ጥበቃ በመታወቂያው ማሙሽ ነው፤ በር አልከፍትም ሲል እስካሁን ስሙን ንቆ የገባ ሰው የለም።

ይህን ማመልከቻ በእጄ አምጥቼ ለመዝገብ ክፍሉ አስረክባለሁ፤ የገቢ ቁጥሩም በቅጂዬ ላይ እንዲሰፍርልኝ እጠይቃለሁ። የጽሕፈት ቤትዎ የማኔጅመንት ኮሚቴ ነገ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንደሚሰበሰብና ጉዳዩ ሊቀርብለት እንደሚችል የቡድን መሪዋ ነግረውኛል። የሆስፒታሉ ዝርዝር የሚዘጋው ዓርብ ኅዳር 14 ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣ በቅጾቹ ላይ እንደፈረምኩት እፈርማለሁ፤

ሚጣ
አዋላጅ ነርስ

አባሪ፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ዲፕሎማ፣ የሙያ ፈቃድና መታወቂያ ቅጂ፤ የሥራ ፈረቃ መዝገብ ቅጂ፤ ሃያ ሦስቱ ቅጾች

ግልባጭ፦ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ