«የሚቀራት የለም» ብዬ የጻፍኩት ወረቀት

ይድረስ ለልጄ፣

ሰባ ስምንት ዓመቴን ደፍኛለሁ፤ ዛሬም በር ገጥሜ አቆማለሁ፣ ሸሚዜን አጥባለሁ፣ ይህንንም በገዛ እጄ እጽፋለሁ። ጤናውን ይስጥሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።

የሥልጠና ቪዛሽን ነገር ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የኤምባሲው ሰዎች ያሠራት ሰው ይመስክርላት ሲሉ፣ «አናጢነቱን ጨርሳዋለች፣ የሚቀራት የለም» ብዬ ጻፍኩ። ጎረቤታችን አስተማሪው፣ «አባባ፣ የሚቀራት ከሌለ ለምን ትሠልጥን ይሉዎታል» ቢለኝ፣ «አንተ ደግሞ መዶሻ የት ታውቃለህ» ብዬ አባረርኩት። እሱ እንዳለው ሆነ፤ ያንኑ ጠይቀው ማመልከቻሽን መለሱት።

ትናንት ሌላ ጻፍኩ። በኮምፒዩተር የሚታዘዘውን የእንጨት መቁረጫ እንደማታውቂው፣ እኔም በዓይኔ አይቼው ስለማላውቅ እንዳላስተማርኩሽ ሳልሸሽግ ተናገርኩ። ከዚህ ጋር አለልሽ፤ የሰጡሽ ቀን ሳያልፍ አስገቢው።

አደራ፣ ስለ እኔ ማንንም አማላጅ አትላኪ። ያለብኝን ዕዳ ራሴ እከፍላለሁ። ለአስተማሪው ይቅርታ አለብኝ፤ ነገ ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ። ለአንቺም አለብኝ፤ ስምንት ዓመት ከጎኔ ስትሠሪ አንድ ቀን «ጎበዝ» ብዬሽ አላውቅም፣ ለማላውቃቸው ሰዎች ግን ጻፍኩላቸው። ይህኛው በወረቀት አይከፈልም። ሠልጥነሽ ስትመጪ ፊት ለፊት እነግርሽ ዘንድ ዕድሜ ይስጠኝ።

አባትሽ