ሃምሳ ዘጠኝ ጥቁር ሪባን

ይድረስ ለወንድሜ ለመሳይ፣ ካለህበት ሁሉ፤

ጤናውን እንደ ናፍቆታችን ያብዛልህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክህ ሦስት ወር ሙሉ ዝግ ነው ይለኛል። መቼም ኔትወርኩ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ለዚህ ነው ደብዳቤውን ወደዚያ በሚመለስ ወታደር እጅ የላክሁት።

አባባ ሥራ በዝቶበት ሰነበተ። ክፍለ ጦራችሁ ድልድዩን ለያዘበት ቀን የመታሰቢያ ሜዳሊያ እየተሠራ ነው። ነሐሱ ከዚያው ከድልድዩ ሥር የተለቀመ የጥይት ቀለህ ነው አሉ፤ አቅልጠውት ነው። የማንጠልጠያውን ሪባን ደግሞ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች አከፋፈሉት። አረንጓዴ ጥለት ያለው እናንተ ደረታችሁ ላይ የምታደርጉት ነው። ጥቁር ጥለት ያለው ለተሰዉት ቤተሰብ የሚሰጥ ነው።

አባባ አረንጓዴውን በሳምንት ጨረሰው። ጥቁሩን ግን ስድሳ ታዞ ሃምሳ ዘጠኝ ላይ አቆመ። ትናንት ሪባኑን ያዘዘው ሻለቃ ሊረከብ መጥቶ ቆጠረና «አባቴ፣ አንድ ይጎድላል» አለው።

«ክር አለቀብኝ» አለ አባባ።

ጥቁሩ ክር እኮ ጭኑ ላይ ነበር! አርባ ዓመት ሲሸምን ለሰው አንድ ስንዝር አጉድሎ አያውቅም። ሻለቃው ክሩንም አባባንም አየና ፈርሞ ሄደ።

እማዬ ጋቢህን አጥባ አስጥታዋለች፤ ክረምቱ ሳይገባ ልጄ ይደርሳል ብላ ነው።

ረጅም መልስ አልጠይቅህም። ወረቀት ላይ ስምህን ብቻ ጽፈህ ላክልን። አባባ የእጅ ጽሕፈትህን ያውቀዋል።

በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ሊድያ
ከጉለሌ